ሸክሙን የሚሸከመው ማን ነው?

ከአስኮ ተነስቶ በአምቦ መንገድ ቡራዩ የሚገባ ሚኒባስ አስፋልቱን ለቆ ወደ ሰፈር ኮረኮንች ሲታጠፍ ከሥሩ የሚሰማውን ድምፅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዛሬ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ እንነጋገራለን፤ መጀመሪያ ግን መኪናውን የሚሸከመውን እንይ።

በመንገዳችን የበዙት የቆዩት ቶዮታ ሃይኤሶች ከኋላ ያላቸው ባሌስትራ ነው፤ ተደራርበው መሃላቸው ላይ የታሰሩ ዝርግ ብረቶች። የረጅሙ ብረት ሁለት ጫፎች ተጠቅልለው ቀለበት ይሠራሉ። የፊተኛው ቀለበት በቀጥታ ከሻንሲው ጋር ይታሰራል፤ የኋለኛው ግን በሚወዛወዝ ማያያዣ ይንጠለጠላል፤ ባሌስትራው ጭነት ሲያርፍበት ስለሚዘረጋ መሄጃ ያስፈልገዋል። ከፊት ደግሞ ክብደቱን የሚይዘው በቁመት የተዘረጋ፣ እየተጠማዘዘ የሚመለስ ብረት ነው። ቪትስን የመሰሉ የቤት መኪኖች ፊትም ኋላም ሞላ ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አሞርዛተሩ ላይ ነው። አሞርዛተር ሸክም አይሸከምም! የሚሸከሙት ሞላ፣ ባሌስትራና ያ የሚጠማዘዘው ብረት ናቸው፤ ጉድጓድ ሲመቱ ይታመቃሉ ወይም ይጠማዘዛሉ፣ ከዚያ ያንኑ ጉልበት መልሰው ይለቃሉ። ብቻቸውን ቢተዉ መኪናው እየተነሳ እየወደቀ ይሄዳል። አሞርዛተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ፒስተኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር በጠባብ ቀዳዳ እየተጨነቀ ያልፋል፤ ጉልበቱም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ኮረኮንች ላይ ሲነዳ የዋለ መኪና አሞርዛተሩ የሚግለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ «መኪናው ይዘላል» ብሎ ባሌስትራ ማስጨመር መፍትሔ አይደለም፤ እኔ ጉዳት ነው እላለሁ። የጠነከረውን ባሌስትራ ያለቀ አሞርዛተር ጭራሽ አያረጋውም፤ ጎማው መሬት እየለቀቀ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አይይዝም። የመኪናውን ጥግ በሁለት እጃችሁ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ተነስቶ ወዲያው ካልረጋ፣ ወይም አሞርዛተሩ በዘይት ረጥቦ አቧራ ከያዘ፣ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ቀይሩ።

ኳ ኳ የሚለው ግን ብዙውን ጊዜ ያለቀ ጎሚኒ ነው፤ ጎማውን ከሻንሲው ጋር በሚያገናኘው ክንድ፣ በብራቾውና በሻንሲው መካከል የሚገባው ላስቲክ። ጎሚኒው ደህና ከሆነ ክሪኩን ከታችኛው ብራቾ ሥር አግቡና ጎማውን አንሡ፤ ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት። ከተነቃነቀ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ያኔ ቀጥ ካለ ያለቀው ኩሽኔታው ነው። ፍሬን ተረግጦም ከተነቃነቀ ብራቾውን ከጎማው ጋር የሚያጋጥመውን ቦል ጆይንት ጠርጥሩ፤ እሱ ከሆነ ሳይቀየር መኪናው ከጋራዥ አይውጣ፤ ከቦታው የወጣ ዕለት ጎማው ይተኛል፣ መሪም አይታዘዝም።