ስለ አክሲዮን ግዢና ሽያጭ መዝገብ አያያዝ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሒሳብ ክበብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ልናስረዳ የመረጥነው የአክሲዮን ግዢና ሽያጭ በተራ ጽሑፍ መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ ነው። ይህ ለነጋዴዎች ብቻ የተተወ ነገር ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ ካቀረበ፣ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ፣ አክሲዮን የብዙ ቤተ ሰብ ጉዳይ ሆኗል።

አክሲዮን የገዛ ሰው ቀኑን፣ ብዛቱንና ዋጋውን ካልጻፈ፣ ከዓመታት በኋላ ሲሸጥ ማትረፉን ወይም መክሰሩን በምን ያውቃል? ከሽያጭ የገባውን ሁሉ ትርፍ ነው ብሎ ቢያጠፋው ዋናውን በላ ማለት ነው። ስለ ትርፉ ግብር ሲጠየቅም የገዛበትን ዋጋ ማስረዳት ያቅተዋል። ባለቤቱ ቢሞት ደግሞ ልጆቹ የቀረላቸውን ለማወቅ ይቸገራሉ። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ሉካ ፓቾሊ የተባለ ጣሊያናዊ መነኩሴ በ1494 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ የድርብ ምዝገባን ሥርዓት ገልጿል። የሥርዓቱ ሥር ገንዘብ ከአንዱ ስፍራ ወጥቶ ወደ ሌላው መግባቱ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሥራ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ የገባውና የወጣው ሲደመር ዜሮ መሆን አለበት። ጆን ዊግሊ በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሌጀር የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ ከእርሱም በኋላ የመጡት ኤችሌጀርና ቢንካውንት ይህንኑ ሥርዓት ይከተላሉ። እነዚህ ፕሮግራሞች በነፃ የሚገኙ ናቸው። መዝገቡን የሚጽፈው ሰው ራሱ ነው፤ ፕሮግራሙ አንብቦ ይደምራል፣ ስሕተትም ቢኖር ይጠቁማል። መዝገቡ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ አንድ ቀን ቢጠፋ እንኳ ማንም ማንበብ የቻለ ሰው ሊያነበው ይችላል።

ነገሩ እንዲገባን ምሳሌ እናቅርብ። አንድ ሰው በመጀመሪያ 10 አክሲዮን በ300 ብር፣ ቆይቶም 10 አክሲዮን በ360 ብር ገዛ እንበል። እነዚህ ሁለት ግዢዎች እንደ ሁለት የእህል ጎተራ ተለያይተው ይጻፋሉ፤ የተገዙበትም ዋጋ ከብዛቱ አጠገብ በቅንፍ ይቀመጣል። በኋላም 12 አክሲዮን በ400 ብር ሸጦ 40 ብር ኮሚሽን ቢከፍል፣ መዝገቡ እንዲህ ይሆናል፤

ሀብት፣ ባንክ፦ +4,760 ብር
ወጪ፣ ኮሚሽን፦ +40 ብር
ሀብት፣ አክሲዮን፦ -10 (በ300 ብር የተገዛ)፣ -3,000 ብር
ሀብት፣ አክሲዮን፦ -2 (በ360 ብር የተገዛ)፣ -720 ብር
ገቢ፣ የሽያጭ ትርፍ፦ -1,080 ብር

ድምሩ ዜሮ ነው። በገቢ ላይ የመቀነስ ምልክት መኖሩ ገንዘቡ ከዚያ የመጣ መሆኑን ያሳያል እንጂ ኪሳራን አያመለክትም። ከኮሚሽኑ በኋላ ለባለቤቱ የተረፈው 1,040 ብር ሲሆን፣ በእጁም በ360 ብር የተገዙ 8 አክሲዮኖች ቀርተውታል።

እዚህ ላይ ቀድሞ የተገዛው ቀድሞ ይውጣ ብለናል። የሁሉንም አማካይ ዋጋ 330 ብርን ብንይዝ ኖሮ የሽያጩ ትርፍ 840 ብር ብቻ በሆነ ነበር። አክሲዮኑም ገንዘቡም አንድ ሆኖ ሳለ ትርፉ የተለያየው በአቆጣጠሩ ምክንያት ነው። በአሜሪካ ሻጩ የትኛውን እንደሸጠ ለይቶ ካላስታወቀ ለግብር ቀድሞ የተገዛው ቀድሞ እንደወጣ ይቆጠራል፤ በካናዳ ደግሞ አማካዩ ዋጋ ይያዛል። ስለዚህ መዝገብ የሚይዝ ሰው የሚኖርበትን አገር ሕግ ጠይቆ አንዱን መንገድ መምረጥና በእርሱ መጽናት ይገባዋል።

ሦስት ነገሮችም ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛ፣ በሽያጭ ጊዜ በቅንፍ የሚጻፈው የተገዛበት ዋጋ ነው፤ የተሸጠበት ዋጋ ከቅንፉ ውጭ ለብቻው ይጻፋል። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ከየትኛው ጎተራ እንደወጣ ማወቅ ያስቸግራል። ሁለተኛ፣ የገበያው ዋጋ ከፍ ስላለ ብቻ ትርፍ ተገኘ ማለት አይደለም፤ ሳይሸጥ የቀረ አክሲዮን ነገ ዋጋው ሊወርድ ይችላልና። ሦስተኛ፣ አንዱ አክሲዮን ሁለት ሆኖ ቢከፈል ብዛቱ ይጨምራል እንጂ በጠቅላላ የወጣበት ገንዘብ አይጨምርም፤ የእያንዳንዱ የግዢ ዋጋ በግማሽ ይቀነሳል።

ውድ ወላጆቻችን ሆይ፣ የአክሲዮን ወረቀታችሁን በሣጥን እንደምትጠብቁ ሁሉ ታሪኩንም እንድትጽፉ እንለምናችኋለን። እኛም ልጆቻችሁ ቁጭ ብለን ከእናንተ ጋር ለመጻፍ ዝግጁ ነን። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ የዛሬውን ዛሬ የመጻፍ ልማድ ገና አንድም አክሲዮን ሳይኖረን በደብተር መግዣችን ሊጀመር ይችላል።

ለትምህርት ቤታችንም ረጅም ዕድሜ እንመኛለን።