ቀብድ ከመስጠታችን በፊት ግድግዳውን እንንካ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በአባል የቀረበ ንግግር)



እንደምታውቁኝ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የሰው ሂሳብ ሳስተካክል እውላለሁ፤ በራሴ ቤት ግዢ ግን ልሳሳት ነበር። ከመካከላችን ቁጠባቸው ሞልቶ ቤት የሚያፈላልጉ ስላሉ የደረሰብኝን ላጫውታችሁ።

ለእናቴና ለእኔ ጀሞ አካባቢ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም አገኘሁ። እናቴን ጉልበቷን ስለሚያማት ግራውንድ ላይ መሆኑ ደስ አሰኘኝ። ዋጋው 2,600,000 ብር ነው። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያበራል። ደላላው «ሌላ ገዢ ከሰዓት ይመጣል» ሲለኝ ደንግጬ በዚያው ቀን 100,000 ብር ቀብድ ሰጠሁ። ደረሰኝ ተቀብያለሁ፤ «ቤቱ በባለሙያ ከታየ በኋላ» የሚል ቃል ግን አላስገባሁበትም። ገንዘቡ የብዙ ዓመት ቁጠባዬ፣ የእናቴ እቁብና ከወንድሜ የተበደርኩት ነው።

በሳምንቱ አንድ መሐንዲስና አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ይዤ ተመለስኩ። ቁም ሳጥኑን ስናርቀው ከኋላው ያለው ግድግዳ ጠቁሯል፤ እጄን ሳሳርፍበት እርጥብ ነው። እናቴ ደግሞ አስም አለባት። የመታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ከላይኛው ቤት ቧንቧ ያንጠባጥባል። በመስኮቱ ጥግም ስንጥቅ አለ።

መሐንዲሱ እንዳስረዳኝ መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ በላዩ የተሠራ ቤትም ሊሰነጠቅ ይችላል። ስንጥቅ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። የልስን ስንጥቅ ይደፈናል። እየሰፋ የሚሄድና ኮለን ወይም ቢም የነካ ከሆነ ግን ዋጋ ከመከራከር ቤቱን መተው ይሻላል። የእኔው የልስን ሆነ፤ ተመስገን አልኩ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ቀብድ ሰጪ ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባይ ከተወ እጥፍ ይመልሳል። ልተወው ብል 100,000 ብር ሊቀርብኝ ነው። ዝም ብል እናቴን እርጥበት ውስጥ ላስተኛት ነው።

ጠዋት ወረቀት አወጣሁና ነገሩን በሦስት ከፈልኩት። አንደኛው ተደብቆ የነበረው ነው፦ የውሃ መስመሩ፣ የረጠበው ልስንና ስንጥቁ። ባለሙያዎቹ በጽሑፍ በሰጡኝ ግምት 148,000 ብር ሆነ። ሁለተኛው የላይኛው ጎረቤት ሊያሠራው የሚገባ ቧንቧ ነው። ሦስተኛው መጀመሪያውኑ ያየሁት ነው፦ የተሰበረው ሴራሚክና ያረጀው የኩሽና በር። ለዚህ ምንም አልጠየቅሁም፤ አይቼ ተስማምቼበታለሁና።

ሻጯ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ አይተሽ አይደል ቀብድ የሰጠሽው?» አሉኝ ተቆጥተው።

«እትዬ፣ ያየሁትንማ አልጠየቅሁም። እባክዎ ይህን ግድግዳ ይንኩልኝ» አልኳቸው።

ነኩት። ለካ ቤቱ ለዓመታት በኪራይ ስለነበር እሳቸውም አላወቁም። ዝም ብለው ቆዩና «እስቲ ወረቀቱን አንብቢልኝ» አሉ። መስመር በመስመር አነበብኩላቸው። 120,000 ብር ቀነሱልኝ፤ የቀረውን 28,000 እኔ ቻልኩ። የላይኛው ቧንቧ በሕንፃው ነዋሪዎች ማኅበር በኩል ከስም ዝውውሩ በፊት ተሠራ። ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ስንፈርም አዲሱን ዋጋ፣ 2,480,000 ብር፣ ሳናሳንስ አጻፍን። ዋጋ አሳንሶ ማጻፍ ግብር ማጭበርበር ነው፤ ነገ ክርክር ቢነሳም የሚታየው የተጻፈው ነው።

እህቶቼ፣ ከዚህ የተማርኩት ይህን ነው። ደላላ ሲያጣድፋችሁ አንድ ቀን ጠይቁ። ከቀብድ በፊት ባለሙያ አስገቡ፤ ካልተቻለ «ጉድለት ቢገኝ ዋጋው እንደገና ይታያል፣ ካልተስማማን ቀብዱ ይመለሳል» ብላችሁ አጽፉ። ቁም ሳጥን አስነሡ፣ ቧንቧ ክፈቱ፣ ከዝናብ በኋላም ሂዱ። ካርታውን፣ የባንክ ዕዳውንና እገዳውን አጣሩ፤ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ መኖሩን አረጋግጡ። ቅናሽ ስትጠይቁም በቁጣ ሳይሆን በወረቀት ይሁን።

የወንድሜን ዕዳ ገና እየከፈልኩ ነው። ግድግዳው ግን ባለፈው ክረምት ደርቆ ከረመ፤ እናቴም ሌሊቱን ሳታስል ታድራለች። ቤት የምታዩ እህቶች ጥሩኝ፤ ወረቀትና እስክሪብቶዬን ይዤ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።