በዱር የተጻፈ ሕግ፦ ሞትን በቅርብ ያዩ ሰዎች አስተሳሰብ



እዚህ በአገው ምድርም ሆነ በመላው ጎጃም «ዱር ቤቴ ያለ» የሚባለው አርበኛ ነው። አነጋገሩ ጀግንነቱን ያወሳል፤ በዱር ምን እንዳሰበ ግን አይነግረንም። ረኀብና ጥይት የከበቡት ሰው አስተሳሰቡ ምን ይሆናል? የተለመደው መልስ «ከራስ በላይ ነፋስ» ነው። ይህን መልስ የሚፈትን አንድ ታሪክ ላቅርብ።

የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ሽሬ ላይ ከፋሺስት ኢጣሊያ ጋር ተዋጉ። ድል ከተመቱ በኋላ ተከዜን ሲሻገሩ ጦሩ በአውሮፕላን ተደበደበ። ከተረፉት ጥቂቶች ጋር ጎጃምን አቋርጠው ወደ ጎሬ አቀኑ። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ወጥተው፣ አዲስ አበባም ተይዛ ነበር።

በዚያው ወቅት የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖችና ዘመናዊ ትምህርት የቀሰሙ ወጣቶች በወለጋ የጥቁር አንበሳን ማኅበር መሠረቱ። ሊቀ መንበራቸው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ማኅበሩ 10 አንቀጾች ያሉት ሕግ አወጣ፤ የፖለቲካው አመራር ከጦሩ በላይ እንዲሆን፣ ገበሬው እንዳይበደል፣ ምርኮኛም እንዳይንገላታ ደነገገ። ኋላም ራስ እምሩን በመሪነት ተቀበለ።

ሕጉ በወጣበት ሰዓት መንግሥት ፈርሷል፤ የሚያስፈጽመው ዳኛ አልነበረም። የተራበ ባለ ጠመንጃ ከገበሬው ጎተራ ፊት ሲቆም ከራሱ በቀር የሚከለክለው የለም። አንድ ሰው «ይህ ብልኀት ነው፤ ገበሬ የጠላው አርበኛ በዱር አይሰነብትም» ሊል ይችላል። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ምርኮኛን መጠበቅ ለተራበ ጦር ተጨማሪ ሸክም እንጂ ስንቅ አይደለም። ስለዚህ ሰዎቹ «እንዴት እንተርፋለን?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ብንተርፍ ምን ዓይነት ሰዎች ሆነን ነው?» ብለው የጠየቁ ይመስለኛል።

ነገር ግን ዱር በራሱ መምህር ነው አልልም። ያው ረኀብ ስንቱን ሽፍታ አድርጎታል። ልዩነቱን የማየው እነዚህ ሰዎች ረኀቡ ከመወሰኑ በፊት አብረው መክረው በመወሰናቸው ላይ ነው። ሞትን ለብቻው የሚጋፈጥ ሰው ሐሳቡ ሊጠብ ይችላል፤ በጓደኞቹ ፊት ቃል የገባ ሰው ግን ከነፍሱ ሌላ የሚጠብቀው ነገር አለው።

በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። አብረዋቸው ከተማረኩት አንዱ፣ በኢጣሊያ ደሴቶች ለዓመታት የታሰሩት ጎጃሜው ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። ማኅበሩ ዓመት ሳይሞላው ቢበተንም ያነሣው ጥያቄ ዛሬም ለእኛ ቅርብ ነው፦ አስገዳጅ በሌለበት፣ ሞትም ደጅ በቆመበት ሰዓት፣ ደካማውን ከባለ መሣሪያው የሚጠብቀው ምንድን ነው? በዚህ ላይ ሐሳባችሁን እንድትሰጡ እየጋበዝሁ ንግግሬን እፈጽማለሁ።