መጀመሪያ ያየነውን፣ ከዚያ ስሙን



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ወፍ ነው። ነገሩ ግን ከዋርድ ሥራችን የራቀ አይደለም።

በኒው ዚላንድ ዙሪያ ስቶርም ፔትረል የሚባሉ፣ ከድንቢጥ ብዙም የማይበልጡ የባሕር ወፎች አሉ። ለመራባት ካልሆነ ወደ የብስ አይወጡም። ከእነሱ አንዷ፣ የኒው ዚላንድ ስቶርም ፔትረል፣ ከ100 ዓመት በላይ በሕይወት ሳትታይ ቀርታ ጠፍታለች ተብሎ ነበር። የቀሩት በአውሮፓ ሙዚየሞች ያሉ 3 ናሙናዎች ብቻ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2003 በጀልባ የወጡ ወፍ ተመልካቾች አንዲት እንግዳ ወፍ አይተው ፎቶ አነሱ።

እስቲ አስቡት፤ ጀልባው ይናወጣል፣ ወፏ በማዕበሉ መሀል ብቅ ጥልቅ ትላለች። እግሯን አንጠልጥላ ውኃውን እየነካች ትዘላለች። አበራረሯ ከየትኛው ወገን እንደሆነች ይነግረናል፤ ግን ዘመዶቿም እንዲሁ ስለሚበርሩ አይበቃም። የሚለያት ሆዷ ነው። በብዛት የምትታየው የዊልሰን ስቶርም ፔትረል ሆዷ ጥቁር ነው። ሌላዋ ንጹሕ ነጭ ናት። ሦስተኛዋ በነጩ ሆዷ መሀል ለመሀል አንድ ጥቁር መስመር አላት። በፎቶው ላይ ያለችው ግን ነጩ ሆዷ ላይ ብዙ ቀጫጭን ጥቁር ሰረዞች ነበሩባት።

“ትንሽ ለየት ያለች ዊልሰን ናት” ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እነሱ ግን ያዩትን ከነፎቶው ለሌሎች አቀረቡ። ባሳተሙት ጽሑፍ ርዕስ ላይ እንኳ “አገኘናት” አላሉም፤ ታይታ ሊሆን ይችላል ነው ያሉት። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ሌሎች ተመልካቾች በሃውቱሩ ደሴት አቅራቢያ ብዙ ሆነው አገኟቸው። በኋላም ተይዘው ዲኤንኤያቸው ከሙዚየሞቹ ናሙናዎች ጋር ተመሳከረ። በ2013 ደግሞ በዚያችው ደሴት ጫካ ውስጥ እንደሚራቡ ተረጋገጠ። ድመትና አይጥ ከደሴቲቱ የጠፉት ከዚያ አስቀድሞ ነው፤ ወፎቹ እዚያ እንደሚጥሉ ሳይታወቅ ቤታቸው ተጠብቆላቸዋል።

ወደ እኛ ልምጣ። ሳልና ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው ካርድ ላይ “ቲቢ” ብለን ስንጽፍ ልክ ልንሆን እንችላለን። የተለመደውን አብጠርጥሮ ማወቅ ግድ ነው፤ ዊልሰንን የማያውቅ ሰው እንግዳዋን ከምን ይለያታል? ግን ካርዱ ላይ ስሙ ብቻ ሰፍሮ ያየነው ምልክት ካልተጻፈ፣ መድኃኒቱ አልሠራ ሲል ቀጣዩ ሐኪም ከየት ይነሳል? የማይገጥመው ምልክት ከእኛ ጋር ቀረ ማለት ነው። የሚጎዳው ደግሞ ታካሚው ነው።

መምህራኖቻችንን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በራውንድ ላይ ተማሪውን “ምንድን ነው?” ከማለታችሁ በፊት “ምን አየህ? ምን አየሽ?” በሉልን። ያልገጠመውንም ይጻፍ፤ “ሊሆን ይችላል” ማለትንም አይፈር።