ጉልቻው ተቀየረ፣ ወጡስ?

ወገኖቼ፣ በደርግ ዘመን ገበሬው እህሉን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ፣ በኮታ ያስረክብ ነበር። ኮታው በ1982 ዓ.ም. ቀረ። ደርግ ወደቀ፣ ኢሕአዴግ መጣ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ብልጽግና ተተካ። የፓርቲው ስም ተለዋወጠ እንጂ የዋጋ ቆራጩ እጅ አልተሰበሰበም።

እዚሁ በአሶሳ ዞን፣ መንጌና ኩርሙክን ተመልከቱ። ቆፋሪው ላቡን አንጠፍጥፎ ያወጣው ወርቅ ሕጋዊ መድረሻው ብሔራዊ ባንክ ነበር። ብሩ በመንግሥት ተመን ታስሮ ሳለ ግን ወርቁ በኮንትሮባንድ ወደ ሱዳን ሾለከ። ኬላ ቢበዛ፣ ካድሬ ቢሰብክ አልቆመም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ወርቁ በገዛ እግሩ ወደ ባንኩ መጣ።

እንግዲህ ወርቁን ማን መለሰው? ካድሬው ወይስ ዋጋው? «ፓርቲ ይቀየርልን» ስንል «መንግሥት እጁን ከኪሳችን ያውጣ» ማለትንም አንርሳ። ያለዚያ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም!