ሐምሌ የያዛት ቁልፍ፦ ፒያኖን በቤት ስለመጠገን



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ቁልፍ ነው። ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሳምንት ሙሉ አላባራ ሲል፣ ከመካከለኛዋ «ዶ» ቀጥላ ያለችው «ሬ» ስትጫኗት ትወርዳለች፤ አትመለስም። ልጁ ልምምዱን ይጀምርና እሷ ላይ ሲደርስ ይቆማል። በጥፍሩ ፈልቅቆ ያነሣታል፤ ጥቂት ይሄዳል፤ ደግሞ ትቀራለች። ሁለት ሳምንት እንዲህ ከከረመ በኋላ ክዳኑ ይዘጋል፣ ዳንቴል ይነጠፍበታል፣ ፎቶግራፍ ይደረደርበታል። ስንት ፒያኖ በዚህ መንገድ የሳሎን ዕቃ ሆኖ እንደቀረ ሳስብ ከልቤ አዝናለሁ። ያቺን ቁልፍ ለማስለቀቅ የሚያስፈልገው ካቻቢቴ፣ ጥርስ የሌለው ፒንሳ፣ የእጅ ባትሪና የግማሽ ሰዓት ትዕግሥት ነውና።

መሣሪያን በራስ እጅ የመጠገን ድፍረት ለእኛ አዲስ አይደለም። በገና የሚደረድር ሰው አሥሩን አውታር ራሱ ይወጥራል፤ ጥዝታው እስኪያምር ድረስ እንዚራ የሚባለውን ቁራጭ ቆዳ በጣቱ ገፋ መለስ እያደረገ ያበጃል። ክራር የሚመታም ክሩ ቢበጠስበት ባለሙያ ፍለጋ አይወጣም። ፒያኖ ፊት ስንደርስ ግን እጃችንን እንሰበስባለን። መሣሪያውን የፈለሰፈው ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ እኮ እ.ኤ.አ. በ1688 ፍሎሬንስ ውስጥ በሜዲቺ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲቀጠር ሥራው የልዑሉን የሙዚቃ መሣሪያዎች መንከባከብና መጠገን ነበር። ፒያኖ የተወለደው ከጠጋኝ እጅ ነው። በ1720 የሠራው አንዱ እስከ ዛሬ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይታያል።

ወደ ቁልፋችን እንመለስ። ከፊት የምናየው ነጭ ጫፍ የረጅም እንጨት አፍንጫ ነው። እንጨቱ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ወገቡ ላይ በብረት ችንካር ተይዞ እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ ይላል። ከአፍንጫው ሥር ደግሞ ግራና ቀኝ እንዳይወላገድ የሚጠብቀው ሌላ ችንካር አለ። ችንካሮቹ የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ግድግዳቸው በቀጭን የሱፍ ጨርቅ ተለብጧል። ሱፉም እንጨቱም እርጥበት ይጠጣሉ። ክረምት ሲገባ ሱፉ ያብጥና ችንካሩን አንቆ ይይዘዋል። አብዛኛው የክረምት ሕመም ከዚህ የሚመጣ ነው።

ከመፍታታችሁ በፊት መርምሩ። የቆመችውን ቁልፍ በጣታችሁ ወደ ላይ መልሷት። እየታሸች ከተመለሰች ጥፋቱ እሷ ዘንድ ነው። ቁልፉ ነፃ ሆኖ አውታሩን የሚመታው መዶሻ አውታሩ አጠገብ ተገትሮ ከቀረ ግን የመዶሻው ማጠፊያ ተይዟል ማለት ነው፤ እሱን ለባለሙያ ተዉት። ጎን ለጎን ያሉ ብዙ ቁልፎች አንድ ላይ ከተያዙ ደግሞ ከፊታቸው የተዘረጋችውን ጠባብ ጣውላ ጠርጥሩ። እርጥበት አጣሟት ቁልፎቹን ትገፋቸዋለች። ብሎኗን ላላ አድርጋችሁ ከኋላዋ የታጠፈ ወረቀት ብትሸጉጡ ያበቃል። በሁለት ቁልፎች መካከል የገባ ሳንቲም ወይም የእርሳስ ስባሪ ከሆነም ወረንጦ ይበቃዋል።

ጥፋቱ የሱፉ ከሆነ፣ የላይኛውን ክዳንና የፊቱን ጣውላ አንሡ። ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ጀምሩ፤ በመልሱ ጊዜ ትመሰግኑታላችሁ። በብዙ ቋሚ ፒያኖዎች በቁልፉ ኋላ ላይ የተደገፈውን ክፍል ቀና አድርገው ይዘው ቁልፉን ከችንካሩ ወደ ላይ ሲያነሡት ይወጣል። እምቢ ካለ አትታገሉት። ስትገለብጡት ሱፍ የለበሰውን ቀዳዳ ታያላችሁ፤ ችንካሩ የታሸበት ቦታ ያብለጨልጫል። አንዱን የፒንሳ ከንፈር በቀዳዳው ውስጥ፣ ሌላውን ከእንጨቱ ውጭ በካርቶን አስደግፋችሁ፣ ሱፉን ጨመቅ አድርጉ። አንድ ጊዜ ብቻ፤ ከዚያ መልሳችሁ ሞክሩ። ከፍ አድርጋችሁ ስትለቋት በራሷ ክብደት መውረድ አለባት፤ ወደ ጎን ስትነኳትም ለስሙ ያህል ብቻ ትነቃነቅ። ሐምሌ ላይ አለቅጥ የተጨመቀች ቁልፍ በበጋ ሱፏ ሲደርቅ ስትንኳኳ ትከርማለች።

ዘይት ግን አደራ። አንድ ቤት የስፌት መኪና ዘይት ጠብ የተደረገበት ፒያኖ አይቻለሁ። ለሦስት ቀን ለሰለሰላቸው። ከዚያ ሱፉ ዘይቱን ጠጥቶ፣ አቧራውን ሰብስቦ፣ በአንዲት ቁልፍ የጀመረው ሕመም አሥራ አንድ ቁልፍ ያዘ። ያን ጊዜ ሱፉን በሙሉ ቀድዶ ከመለወጥ በቀር መፍትሔ አልነበረም።

በገና ላይ የምንወደው ጥዝታ ፒያኖ ላይ ከተሰማ፣ መጀመሪያ ክዳኑ ላይ ያለውን ሁሉ አንሡ። ብዙ ጊዜ የሚንጫረረው የፎቶግራፉ መስታወት ነው። ካልሆነ የላላ ብሎን ፈልጉ። ብል ሱፍ ስለሚወድም በዓመት አንድ ጊዜ ከቁልፎቹ ሥር ያለውን አቧራ በብሩሽና በቫኩም ማጽዳት ደግ ነው።

አንድ ድንበር አለ። ፒያኖ 88 ቁልፍ፣ ወደ 230 የሚጠጋ አውታር አለው፤ የአውታሮቹ ውጥረት ተደምሮ ወደ 20 ቶን ይደርሳል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው በውስጡ ያለው የብረት ማዕቀፍ ነው። ስለዚህ አውታር የተጠመጠመባቸውን ችንካሮች በተራ መፍቻ አትንኩ። መፍቻው ራሳቸውን ይበላዋል፤ የያዛቸው እንጨት ከላላም ድምፁ አይጸናም። ቅኝት የባለሙያው ሥራ ነው። ባለሙያ በየሰፈሩ እንደማይገኝ አውቃለሁ፤ ቁልፉን ራሳችሁ አስለቅቃችሁ ብትጠብቁት ግን የሚመጣባትን ውድ ሰዓት ለቅኝቱ ያውላታል።

እዚህ አዳራሽ ያለው ፒያኖ መስኮት አጠገብ ስለሆነ ክረምቱ ጎድቶታል። ጠዋት ስሞክረው ሦስት ቁልፎች አልተመለሱም። አሁን ክዳኑን እከፍታለሁ፤ ከኋላ ያላችሁ እባካችሁ ወደዚህ ጠጋ በሉ፤ አንድ ሰው ደግሞ ባትሪ ያብራልኝ።