ያልሰጡትን አደራ ማንም አይመልስም

(ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች በተዘጋጀው የኮምፒዩተር ትምህርት መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኔ የኮምፒዩተር ሊቅ አይደለሁም። የተማርኩት መምህርነት ነው፤ ከኮምፒዩተር በፊት የማውቀው ጠመኔና ሰሌዳ ነበር። ዛሬ የምነግራችሁም አንድ ጀማሪ የጠፋበትን ጽሑፍ እንዴት እንደመለሰና ምን ሳይመለስለት እንደቀረ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ከጎንደር ተነስተው በእግራቸው ሱዳን እንዴት እንደገቡ፣ በመንገድና በመጠለያው ማንን እንደቀበሩ በስም እየጠሩ ነገሩኝ። ማታ ማታ በኮምፒዩተር ጻፍኩት፤ 17 ገጽ ሆነ። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እያዳፋኝ ጽሑፉን በሙሉ አጠፋሁና ባዶውን ገጽ አስቀምጬ ዘጋሁት። በማግስቱ ስከፍተው አንድም ፊደል የለም። እናቲቱ ደግሞ ከወር በፊት አርፈዋል።

ደግነቱ፣ አብሮን የሚሠራ አንድ ወጣት ጽሑፎቹ ባሉበት ማህደር ላይ ጊት የሚባል ፕሮግራም አዘጋጅቶልን ነበር። ጊትን በ2005 የሠራው በፊንላንድ የተወለደው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው፤ ሊኑክስን አብረውት የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ማን ምን እንደለወጠ ለመከታተል ሠራው። ክፍያ የለውም፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

አሠራሩ እንደ አደራ ነው። በመጀመሪያ በማህደሩ ውስጥ «ጊት ኢኒት» እንላለን፤ ይህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ «ጊት አድ» ብለን የፋይሉን ስም ስንጽፍ የምናስረክበውን እናዘጋጃለን። «ጊት ኮሚት» ስንል ደግሞ ከአጭር ማስታወሻ ጋር እናስረክባለን። ጊት ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳስረከበ ይይዛል። ትእዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ የፋይሉ ስም ግን በአማርኛ ሊሆን ይችላል።

ወጣቱ አጠገቤ ተቀምጦ፣ «መምህር፣ እርስዎ ራስዎ ይጻፉት» አለኝ። «ጊት ስታተስ» ብዬ ስጽፍ የፋይሉ የአማርኛ ስም በጭረትና በቁጥር ተሞልቶ ወጣ። «ስሙም ተበላሸ!» ብዬ ደነገጥኩ። እሱ ሳቀ። ጊት ፊደላችንን በቁጥር ያሳያል እንጂ አያበላሸውም። «ኮር ኮትፓዝ» የሚባለውን ማስተካከያ «ፎልስ» ስናደርገው ስሙ በፊደላችን ይታያል።

ከዚያ «ጊት ሪስቶር» ብዬ የፋይሉን ስም ጻፍኩና ቁልፉን ተጫንኩ። ምንም መልስ አልመጣም፤ ጊት ሥራውን ሲጨርስ ዝም ይላል። ፋይሉን ስከፍተው ጽሑፉ ተመልሷል! ገጹን ብቆጥር ግን 12 ነው። የመጨረሻዎቹን 5 ገጾች ጽፌያለሁ እንጂ አላስረከብኩም ነበር። ከማስታወሻ ደብተሬ ጥቂቱን መለስኩ፤ ዘመዶቻቸውንም ጠየቅሁ። በመንገድ የቀሩ የሁለት ልጆች ስም ግን እስከ ዛሬ የለኝም። ጊት አደራ በላ አይደለም፤ ያልሰጡትን ግን አይመልስም።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ «ሪስቶር» ራሱ ያጠፋል። ካስረከባችሁ በኋላ የጻፋችሁት አዲስ ነገር ካለ ይሰርዘዋል። ስለዚህ አስቀድማችሁ በ«ጊት ዲፍ» ምን እንደተለወጠ እዩ።

ሁለተኛ፣ ስሕተቱንም አስረክባችሁት ከሆነ አትደንግጡ። «ጊት ሎግ» የርክክቡን ዝርዝር ያሳያል፤ እያንዳንዱ 40 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አለው፤ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ 7 ይበቃሉ። በ«ሪስቶር» ላይ «ሶርስ» የሚለውን ጨምራችሁ መለያውን ስትሰጡት የዚያን ቀኑን ጽሑፍ ያመጣል። ከዚያ እንደገና አስረክቡ። «ሪስቶር» የሚለው ትእዛዝ የመጣው በ2019 ስለሆነ በአሮጌ ጊት ላይ አይሠራም፤ በዚያ «ቼክአውት» የሚባለው ነው ያለው።

ሦስተኛ፣ ጊት አደራውን የሚያስቀምጠው እዚያው ማህደር ውስጥ፣ በተደበቀ ቦታ ነው። ኮምፒዩተሩ ቢሰረቅ አደራውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በ«ጊት ፑሽ» ቅጂውን ወደ ሌላ ቦታ ላኩ። የተዑዳት ዜሁት ቁጥርና የቤተሰብ ምሥጢር ያለበትን ጽሑፍ ግን ሁሉ ሰው በሚያየው ቦታ አታስቀምጡ።

ወገኖቼ፣ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሄርጽል ተራራ በሱዳን መንገድ ያለቁትን እናስባለን። እናንተ የመጣችሁት በአውሮፕላን ነው፤ በጎንደርና በአዲስ አበባ ስትጠብቁ ያሳለፋችኋቸው ዓመታት ግን ታሪክ ናቸው። ያንን ታሪክ የሚያውቁት ሽማግሌዎቻችን ዛሬ ከጎናችሁ ተቀምጠዋል።

ልጆች፣ የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። ዛሬ ማታ አያታችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፤ አንድ ገጽም ቢሆን ጻፉ። ከመተኛታችሁ በፊት ግን «ኮሚት» አድርጉ። እኔ ለነገ ያልኩት አምስት ገጽ አልተመለሰም።